ቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት ጣሪያውን እዩት

«ሰላም ላንቺ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ግን ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እዚህ ከተዳርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምንኖረው በባለቤቴ እናት ቤት ነው። ቤቱ የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ እሱም ግማሹ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። የአራት ወር ልጅ አለችኝ። ኅዳር ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ልጄ አፍንጫዋ ታፍኖ ነው የምታድረው። ይባስ ብሎ ንጋት ላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ብርድ ልብሳችን ረጥቦ እናገኘዋለን።

«ጅዳ ያለችው የባለቤቴ እህት ‹አፍርሱትና በብሎኬት ሥሩት› ብላ ብር ልካለች። ባለቤቴም ሐሳቧን ይደግፋል። እትዬ ግን (አማቴን እንዲያ ነው የምጠራቸው) ‹እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ቤት አይፈርስም› ብለዋል። ‹ስድስት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ማንም በብርድ አልሞተብኝም። አንቺ የቆላ ልጅ ሆነሽ ነው› ይሉኛል። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለው መኝታ ቤታችን ያስገቡልናል። ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን ጭሱን እፈራለሁ፤ ይውጣ ስል ደግሞ ይቀየማሉ። ባለቤቴ በእናቱና በእኔ መሀል ተወጥሯል። አንዳንዴ ልጄን አዝዬ ወደ እናቴ ቤት ልውረድ ያሰኘኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ብርድ ያንገፈገፋት፣ ከደሴ»

እህቴ፣ ስለ ቤቱም ስለ እትዬም እናወራለን። መጀመሪያ ግን ከሰሉ። መፍራትሽ ልክ ነው። ብቻ አንቺ የምትፈሪው ጭሱን ነው። ሰው የሚገድለው ግን ጭሱ አልቆ ፍም የሆነው፣ «አሁንማ ነዷል፣ ምንም አይልም» ተብሎ ወደ ውስጥ የሚገባው ከሰል ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ብርድ ሲጠና ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም። በር ገርበብ ማድረግ አያድንም። ጠዋት ሁላችሁንም አንድ ላይ ራሳችሁን አሟችሁ፣ አዙሯችሁ፣ አቅለሽልሿችሁ ደጅ ስትወጡ የሚተዋችሁ ከሆነ ጉንፋን ብላችሁ አትለፉት። ፍጠኑና ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ልጅቷንም ይዛችሁ።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰል መኝታ ቤት አይገባም። ይህኛው ላይ መግባባት የሚባል ነገር የለም። አነጋገሩ ላይ ግን ብዙ መንገድ አለ። እትዬ ከሰሉን ሲያስገቡ እኮ እያሉሽ ያሉት «እንዳይበርዳችሁ» ነው። ያንን ደግነት ሌላ ቦታ ፈልጊለት። «እትዬ፣ ከሰሉን ውጪ ያቀጣጥሉትና ውሃ እናፍላበት» ብትያቸውስ? የሞቀውን ውሃ ፋርማሲ በሚሸጠው የላስቲክ ከረጢት ሙሉት። በደንብ ክደኑትና በፎጣ ጠቅልላችሁ አልጋው ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡት። ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ከእሷ በኩል አውጡት፤ ሊያቃጥላት ይችላልና። አልጋ እንደዚህ ሲሞቅ ክፍሉ ቢቀዘቅዝም እንቅልፍ ይወስዳል። ይህንን ለእትዬ መንገር ያለበት ደግሞ ባለቤትሽ ነው። ከምራት አፍ ሲወጣ ንቀት ይመስላል፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ ጭንቀት ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው። ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፤ ጣሪያችሁ የሚያፈስ አይመስለኝም። ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት ምን ውሃ ያፈሳል? ያ ውሃ ከራሳችሁ ቤት የወጣ ነው። የማታው ወጥ እንፋሎት፣ ጀበናው፣ ውስጥ የተሰጣው የልጅቷ ጨርቅ፣ የሁላችሁም ትንፋሽ ሞቅ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በተቀደደው ማዳበሪያ ሾልኮ ቆርቆሮው ጋ ይደርሳል። ቆርቆሮ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከውጪው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ እዚያ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ካላመንሽኝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘሽ በቀዳዳው ወደ ላይ ተመልከቺ። በየሚስማሩ ጫፍ ላይ ጠብታ ተደርድሮ ታያለሽ። ትልቅ የሆነው ይወድቃል፣ ሌላው ይተካል። እሱ ነው ብርድ ልብሳችሁን የሚያረጥበው።

ይህ ምን ይነግረናል? ቤታችሁ ሙቀቱን የሚያጣው በዋናነት በላይ በኩል ነው። ግድግዳው ምንም ቢወፍር፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር መተኛት ጋቢ ለብሶ ራስን ገልጦ ደጅ እንደማደር ነው።

እስቲ አንድ ነገር እትዬን ጠይቂልኝ። ያኔ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ የቤቱ ክዳን ምን ነበር? ሣር ነበር ካሉሽ ነገሩ ሁሉ ይገለጥልሻል። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ሌሊትም አያንጠባጥብም። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናብ መግባቱ ቆመ፣ የሣር መቀየር ጣጣው ቀረ፣ ብርዱ ግን ገባ። እንደዚያ ከሆነ «ማንም በብርድ አልሞተብኝም» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ያኔ የነበረው ቤትና ዛሬ አንቺ የምትተኚበት ቤት አንድ አይደለም። ክዳኑ ከመጀመሪያውም ቆርቆሮ ከነበረ ደግሞ ኮርኒሱ ምን እንደነበርና ማታ ሁሉም የት ይተኛ እንደነበር ጠይቂያቸው። ስድስት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተኮልኩሎ ሲተኛ እሱም ራሱ ማሞቂያ ነው። ጥያቄው ለክርክር አይሁን። ቡና ላይ፣ ለማወቅ ብለሽ ጠይቂ። ስለ ቤታቸው የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ ቆይተው ይሆናል፤ ሰሞኑን የሚሰሙት ስለ ማፍረስ ብቻ ነው።

«የቆላ ልጅ» ማለታቸውንም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አትጣይው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ልዩነት አለ ብለሽ ብታሰዪው ወደ 4 ዲግሪ ይመጣል። በዚያ ላይ ደሴ በተራሮች መካከል ረባዳ ላይ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ የቶሳ ተራራ ፀሐይዋን ቶሎ ይጋርድባችኋል። ማታ ደግሞ ተራራው ላይ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና እታች ይተኛል። ጥርት ባለ ሌሊት ዳገቱ ወገብ ላይ ያለ ሰፈር ከሥሩ ካለው ረባዳ ይልቅ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ብርዱ የእውነት ነው፤ መሞላቀቅ አይደለም።

ወደ ብሎኬቱ ስንመጣ፣ እኔ በባለቤትሽና በእህቱ ሐሳብ አልስማማም። ቢያንስ ለብርድ ብላችሁ ከሆነ አታፍርሱ። ብሎኬት ጠንካራ ነው፣ ለዓይን ያምራል፣ አይጥ አይሰረስረውም። ብርድ በመከላከል በኩል ግን ጭድ ከበዛበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አይበልጥም። ከላይ ያው ቆርቆሮ ይመታበታል። ብሩ መሠረትና ግድግዳ ላይ ያልቅና «ኮርኒሱን ቀስ ብለን» ይባላል። በአዲስ ቤት ውስጥ አሮጌው ብርድ ይጠብቅሻል። ሌላም አለ፤ ግንባታው እስኪያልቅ ከሕፃን ጋር የት ልትኖሩ ነው? እትዬስ በዚያ ዕድሜያቸው ተከራይ ሊሆኑ?

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ከነገው ቡና ጀምሪ። ቡናው ላይ ዕጣን መጨሱ አይቀርም። ነፋስ ባለበት ምሽት አድርጊውና ማጨሻውን ይዘሽ ቤቱን ዙሪ። በሩ ሥር፣ የሳንቃው መስኮት ስንጥቅ ላይ፣ መቃኑና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳው አልቆ ጣሪያው የሚጀምርበት ጋ ያዥው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት ከታጠፈ ንፋሱ እዚያ ነው የሚገባው። ከእትዬ ጋር አድርጉት። የቤታቸውን ቀዳዳ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ገና ሳታጨሺ «እዚያ ጋ ሞክሪ» ይሉሻል።

የበሩን ሥር በጨርቅ ውስጥ ገለባ ወይም አሸዋ ሞልታችሁ በሰፋችሁት መከላከያ ድፈኑት። ለመስኮቱ ከውስጥ በኩል ወፈር ያለ ላስቲክ፣ ቀን ቀን እንዲገለጥ አድርጋችሁ፣ ወጥራችሁ ምቱበት፤ ብርሃን ይገባል፣ ንፋስ አይገባም። ከላይ ያለው ክፍተት በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ይህ ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ብዙ ብር አይፈልግም። ታዲያ ቤቱ በተደፈነ ቁጥር የከሰሉ አደጋ እንደሚብስ አትርሺ። በቀዳዳ ይወጣ የነበረው ጋዝም ውስጥ ይቀራል።

ዋናው ሥራ ኮርኒሱ ነው። የተቀደደውን ማዳበሪያ አውርዱት። ብዙ ዓመት የተከማቸ አቧራና የአይጥ ኩስ ስለሚወርድ የሚሠራው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ልጅቷ በዚያ ቀን እዚያ ቤት አትዋል። ከዚያ አናጺው ከመምጣቱ በፊት ኤሌክትሪሻን ጥሩ። አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ያለ ሽቦ አይጥ የበላው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ማን እንደቀጠለው የማይታወቅ ነው። እሱ ሳይስተካከል ላዩ ላይ ምንም ነገር እንዳታለብሱበት። እኔ ብሆን በጀት ቢያጥረኝ ለኮርኒሱ የሚለጠፈውን ችፑድ አዘገየዋለሁ እንጂ ሽቦውን አልዘልም።

ከዚያ ሞራሌ (ኮርኒሱን የሚሸከመው እንጨት) ተመትቶ ችፑድ ወይም ፒቪሲ ይለጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። ያም ቢሆን ከማዳበሪያው እጅግ ይሻላል፤ ግን ለውጡን የሚያመጣው ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ነገር ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን ነጭ ፎም ታውቂዋለሽ። በሉህ የሚሸጠውን ገዝታችሁ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብታነጥፉ እንኳ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ታውቂዋለሽ። አሥር ከሆነ ደግሞ እሰየው። ፎም ግን እሳት ይወዳል፤ ሲቃጠል ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ በችፑድ ሳይሸፈን አይቅር፣ ማድቤት በኩልም አትጠቀሙበት። ፋይበር ግላስ (እንደ ጥጥ የሆነ የመስታወት ክር) ካገኛችሁ አይቃጠልም፤ ሲነጠፍ ግን እጅና አፍንጫ መሸፈን ይፈልጋል። የበግ ጸጉርም ጥሩ ነው። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ተፍታትቶ ይነጠፋል። ችግሩ ብል ይወዳል። ገለባ ልንጠፍ የሚላችሁ ካለ እኔ አልመክርም፤ ጭቃ ውስጥ ሲሆን ጌጥ ነው፣ ደረቁን ኮርኒስ ላይ ሲሆን ግን የአይጥ ሠፈርና የእሳት ማገዶ ይሆናል።

ሁለት ነገር ለአናጺው አስረግጣችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ ከችፑዱ በላይ፣ ከፎሙ በታች ላስቲክ ይነጠፍ፤ የቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ እንዳያልፍ። ሁለተኛ፣ የሚነጠፈው ነገር ቆርቆሮውን አይንካ። መሀል ላይ ክፍት ቦታ ይቅር፤ በሁለቱ ጫፍም ትንሽ መተንፈሻ ይተውለት። መተንፈሻው አይጥና ወፍ እንዳያስገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። «ምን ያደርጋል፣ ዘግቼ ልምታላችሁ» ካለ እንዳትሰሙት። ሾልኮ የወጣ እርጥበት መውጫ ካጣ እንጨቱን ያበሰብሳል።

ግድግዳውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። «በሲሚንቶ እንለስነው፣ ያምራል» የሚል ሰው አይጠፋም። የጭቃ ግድግዳ ያብጣል፣ ይሰበሰባል፤ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቆይቶ ከጀርባው እርጥበት ይዞ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ሙቀት ይበላል። የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ ምረጉት፣ ላዩን በእበት ለቅልቁት። ጭቃው አስቀድሞ መቦካት፣ ምርጊቱም ክረምት ሳይገባ መድረቅ አለበት። ከግድግዳው ግርጌ ውሃ የሚቆም ከሆነ ቦይ ቅደዱለት።

እስከዚያው አልጋችሁን ከውጪው ግድግዳና ከመስኮቱ አርቁት፤ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጉት። ቀን ቀን ፀሐይ በሚያገኘው በኩል መስኮቱን ከፍታችሁ አየሩን ቀይሩ። ፀሐይዋ ወደ ቶሳ ስታዘቀዝቅ ዝጉ። ጨርቅ ደጅ ይሰጣ። ልጅሽን ደግሞ በብርድ ፍራቻ አታፍኛት። ደረብ ደረብ አድርገሽ አልብሻት እንጂ ፊቷ ላይ ብርድ ልብስ አትመልሺ። እጇ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ አንገቷን ወይም ሆዷን ዳብሺ፣ እሱ ከሞቀ ደህና ናት። አፍንጫዋ ከመታፈን አልፎ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት እንቢ ካለች ግን የቤት መላ አትሞክሪ፤ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ወደ እናትሽ ስለመሄዱ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የምትሸሺው ብርዱን ነው ወይስ በዚያ ቤት ውስጥ የራሴ የምትይው ነገር ማጣትሽን? ብርዱን ከሆነ ሂጂ፤ ምን ነውር አለው? ኮርኒሱ ሲፈርስ አቧራ ስላለ ከልጅቷ ጋር ኮምቦልቻ ብትሰነብቱ ለሁሉም ይሻላል። «ኮርኒሱ ሲያልቅ እመለሳለሁ» ብለሽ፣ እትዬን ተሰናብተሽ፣ ቀኑን ተነጋግራችሁ ሂጂ። ተቀይመሽ አዝለሽ ከወጣሽ ግን ነገሩ ከጣሪያ አልፎ የሽማግሌ ጉዳይ ይሆናል። የምትሸሺው «የእኔ የሚባል ነገር የለኝም» የሚለውን ስሜት ከሆነ ደግሞ እሱን ብሎኬትም አይፈታው። ለባለቤትሽ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገሪው፤ የእናቱን ስም ሳታነሺ፣ ስለራስሽ ብቻ።

ለጅዳዋ እህታችሁ የተቀደደውን ኮርኒስና የረጠበውን ብርድ ልብስ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት። ያን ያህል ብር የላከችው እናቷና የወንድሟ ልጅ እንዲሞቃቸው ነው። ከላከችው ላይ ለሽቦ፣ ለኮርኒስና ለፎም የሚሆነውን ብቻ ቀንሳችሁ፣ ዋጋውን አጣርታችሁ፣ ቀሪው ባንክ እንዲቀመጥ ጠይቋት። የሚቀጥለውን ኅዳርና ታኅሣሥ በዚያ ቤት አሳልፉ። ያኔም ማፍረስ ካስፈለገ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ከእትዬ ጋር ተማክራችሁ ማፍረስ ትችላላችሁ።

አናጺው ሥራ ሲጀምር ግን ከእናንተ መኝታ ቤት አይጀምር። የእትዬን ክፍል ያስቀድም። እሳቸው አይበርደኝም ይሉ ይሆናል። አንቺ ግን ማታ ስንት ጋቢ ደርበው እንደሚተኙ አይተሽ ታውቂያለሽ?